ክቡር መጋዘን ወደ መብራቱ ማማ ሲወጡ

ሰው በሁለት ይከፈላል፤ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣና ጃንጥላ ከያዘው ሥር የሚጠጋ። የመጀመሪያው ወገን ከባድ ቦርሳ ይሸከማል፣ ይሳቅበታል፣ ሁልጊዜ ያረፍዳል። ሁለተኛው ወገን እጁን ኪሱ ከትቶ እያፏጨ ይሄዳል፤ ሲዘንብ ግን "እስቲ ትንሽ ጠጋ በል" ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለ መጀመሪያው ወገን ሊቀመንበር ነው።

ክቡርነታቸው የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ሁለታችንም ሊፍት እንጠግናለን። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ "መጋዘን" ይላቸዋል። "ለክፉም ለደጉም" ሳይሉ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ካቻቪቴ ይይዛሉ፤ ለክፉም ለደጉም ሌላ ካቻቪቴ ይጨምራሉ። የእጅ ባትሪ አላቸው፤ ባትሪው ጨለማ ቦታ ቢወድቅስ ተብሎ መፈለጊያ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ አላቸው። ጥርስ ሊነቀሉ የሄዱ ቀን ትራስ ይዘው ነበር። ምን ሊያደርግ ብላቸው "ወረፋው ከረዘመስ?" አሉኝ። ወረፋ አልነበረም። ትራሱን እንዳቀፉ ተነቀሉ።

አንድ ጊዜ ከላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት የመጥሪያ ቁልፍ ልንቀይር ተላክን። በአንድ ካቻቪቴ የሚያልቅ ሥራ ነው። ክቡር መጋዘን የዕቃ ሳጥኖቻቸውን እየደረደሩ ወደ ሊፍቱ አስገቡ። ሊፍቱ ከመጠን በላይ ተጭኛለሁ ብሎ ጮኸ፤ አልሄድም አለ። ውስጡ ያለነው ሰዎች ሁለት ብቻ ነን። የሕንፃው ዘበኛ መጣ፣ እኛን አየ፣ ሳጥኖቹን አየ።

"እናንተ ልትጠግኑ ነው የመጣችሁት ወይስ ቤት እየቀየራችሁ ነው?"

"ምን ይታወቃል ወንድሜ" አሉት ክቡርነታቸው፣ ምንም ሳይቆጡ። ሳጥኖቹን በደረጃ ተሸክመን ወጣን። ማለቴ፣ እኔም ተሸከምኩ።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ለእህቴ ጨዋታ ያቀረብኩት።

ታናሽ እህቴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ከማስተማር የተረፋትን ጊዜ ሁሉ አንድ ጨዋታ ስትፈጥር ከረመች። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አብረው ታሪክ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይሆናል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚያስቸግረው ባጭሩ ይናገራል። ነገሩ ሲከብድ ሁለት ዳይስ፣ ማለትም በየገጹ ነጥብ ያለው የዕጣ ኩብ፣ ይወረወራል። ጥሩ ከወጣ ተጫዋቹ እንዳሻው ይተርካል፤ መጥፎ ከወጣ እህቴ ትተርካለች፣ እሷ ደግሞ አታዝንም። ትልቁ ነገር ደንቡ ለየትኛውም ታሪክ መሆኑ ነው። ሌባና ፖሊስ ይሁን፣ የባሕር ጉዞ ይሁን፣ የውርስ ጠብ ይሁን፣ ደንቡ ያው ነው።

የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሐሳቡን ወድዶት ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ሊሰጣት ፈቀደ። እህቴ ግን በራሷ ላይ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፤ ሰዎች አንድ ታሪክ ጀምረው ሲጨርሱ በዓይኗ ካላየች ሕዝብ ፊት አታወጣውም። ሞካሪ አስፈለጋት። እኔ ነበርኩ፣ ነርሷ ባለቤቴ ነበረች፣ ሦስተኛው ደግሞ ያዋሱኝን መሰርሰሪያ ሊወስዱ በሬን ያንኳኩት ክቡር መጋዘን ሆኑ።

የመጀመሪያው ሙከራ ገና ሳይጀመር ሞተ። ታሪኩ ይህ ነው። ባሕር ዳር ገደል ላይ ያለው፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው የመብራት ማማ ጠፍቷል። ሰው የጫኑ መርከቦች በማዕበል ውስጥ ወደ ዓለቱ እየመጡ ነው። እኛ ሦስታችን ከመንደሩ ተነስተን፣ ገደሉን ወጥተን መብራቱን ማብራት አለብን። እህቴ ይህን በተማሪ ፊት እንደምትቆም አድርጋ ተረከችልንና "ምን ታደርጋላችሁ?" አለች።

"እንሮጣለና" አለች ባለቤቴ።

"ቆይ" አሉ ክቡር መጋዘን። "ገመድ አለን?"

"ጋሼ፣ እዚህ ጨዋታ ላይ ዕቃ አንቆጥርም። ገመድ ካስፈለገ ገመድ አለ።"

"ማን አመጣው?"

"ማንም። በቃ አለ።"

እኔ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ ዓለም ሁሉ መጋዘን ሆነችላቸው አይደል? እርሳቸው ግን ፊታቸው እንደተሰደበ ሰው ጠቆረ። በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

"ታዲያ እሱም ገመድ አለው?"

"አለው።"

"ይሄ? ካቻቪቴ ከኔ የሚዋስ ሰው ገመድ አለው?"

እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ወገባቸው እስኪጎብጥ የተሸከሙትን ነገር እህቴ ለሰነፍ ሁሉ በነፃ አደለችው። ክቡርነታቸው ይህን ግፍ በዝምታ አላለፉም፤ ማንም ሳያዛቸው ማሸግ ጀመሩ። ገመድ አሉ። ብርድ ልብስ አሉ። ትርፍ ጫማ፣ ለትርፉ ጫማ ትርፍ ማሰሪያ። ቦርሳው ውኃ እንደማያስገባ እህቴን አስማሏት። ከሰዓቱ በዚህ አለቀ፤ መርከቦቹ በማዕበል ይናጣሉ፣ እኛ ከመንደሩ አልወጣንም። በሁለተኛው ሙከራ እንደምንም ወጣን፤ ክቡርነታቸው ግን ምድጃ ማጥፋታቸውን ለማረጋገጥ ከመንገድ ተመለሱ። ታሪኩ ውስጥ ምድጃ አልነበረም።

እንግዳችን ከሄዱ በኋላ እህቴ ዳይሶቹን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ተነሳች።

"ጓደኛህ ጨዋታዬን ገደለብኝ። ሌላ ሰው አምጣልኝ።"

"ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንደሳቸው ያለ ሰው አይመጣም ያለሽ ማነው?" አለች ባለቤቴ። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ መርጣ የማታውቅ ሰው ናት። "ለየትኛውም ታሪክ ይሆናል ትያለሽ። እስቲ ለየትኛውም ሰው ይሁን።"

እህቴ የወረወረቻቸውን ዳይሶች መልሳ ሰበሰበች። ከዚያ "ሰኞ ለኃላፊው መልስ መስጠት አለብኝ" አለች። "እሑድ እንሞክራለን። ካልጨረስን አዳራሹ ይቅርብኝ እለዋለሁ፣ ጨዋታውንም እተወዋለሁ።" እህቴን አውቃታለሁ፤ እተወዋለሁ ካለች ትተወዋለች።

እሑድ ከሰዓት ተቀመጥን። እህቴ ወደ ክቡር መጋዘን ዞረች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ቦርሳው የእርስዎ ነው። እስካሁን ያሸጉት ሁሉ ውስጡ አለ። ግን ይከብዳል፤ በሄድን ቁጥር ደግሞ እየባሰበት ይሄዳል።"

"ይክበድ" አሉ። "ቀሎኝ የወጣሁበት ቀን የለም።"

እናም ወጣን። አቤት አወጣጣችን። እኔ ጀልባ ቀዛፊ ነኝ፣ ባለቤቴ ዘፋኝ ናት፣ ክቡርነታቸው ባለቦርሳ ናቸው፤ ሌላ ሙያ እንዲኖራቸው አልፈለጉም። ባለቤቴ ዳይስ ስትወረውር እጇ የተባረከ ነው፤ የገደሉን ግማሽ በእሷ ዕድል ወጣን። የእኔ እጅ ግን እርግማን አለበት መሰለኝ፣ በየመታጠፊያው ወደቅሁ። በወደቅሁ ቁጥር ክቡር መጋዘን ቦርሳቸውን አውርደው የሚጎትተኝ ነገር ያወጣሉ፤ ሲያወጡ ደግሞ ለእህቴ እንዲሰማ አድርገው፣ "ይሄው፣ ተቆጥሮ የመጣ ገመድ" ይላሉ። እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትውጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ መንገር አለብኝ። እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ መጥፎ ዕጣ መገልበጥ ይችላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ገጸ ባሕርይው በእውነት የሚያመውን ነገር መስጠት አለበት፣ ማመሙን ደግሞ ጠረጴዛው ሁሉ ማመን አለበት። እኔ ጀልባዬን ለማዕበሉ ሰጥቼ የኔን ተጠቅሜያለሁ። ባለቤቴ መርከቦቹን ለማቆየት ነፋሱ ላይ ስትጣራ ቆይታ የዘፋኟን ድምፅ ለዘላለም ሰጥታለች። የቀሩት ክቡር መጋዘን ብቻ ናቸው።

ማማው ጫፍ ደረስን። እህቴ መብራቱን አሳየችን፤ መስታወቱ ደህና ነው፣ ክሩ ደህና ነው፣ የዘይቱ ጋን ግን ተሰብሮ ዘይቱ ፈስሷል። ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ቦርሳው ዞርን።

ክቡርነታቸው በሐሳባቸው ከላይ እስከ ታች በረበሩት። ሲያስቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ዘይት አልያዝኩም" አሉ።

እኔና እርሳቸው አብረን ብዙ ዓመት ሠርተናል። "አልያዝኩም" ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ባለቤቴ እጃቸውን ልትይዝ ቃጣት።

"ማማው ውስጥ እፈልጋለሁ" አሉና ሁለቱን ዳይሶች ወረወሩ። ሁለቱም አንድ አንድ ሆኖ ወጣ። ከዚያ የባሰ ዕጣ የለም። እህቴ ዳይሶቹን አየች፣ ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። ለኛ ልታዳላ ትችል ነበር፤ ብቻችንን ነን፣ ማን ያያታል? ግን ሒሳብ አስተማሪ ናት።

"ማማው ባዶ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ከታች የመጀመሪያው መርከብ ዓለቱን ሊነካ..."

"ቆይ" አሉ ክቡር መጋዘን። "ያ ደንብ ለኔም ይሠራል?"

"ይሠራል ጋሼ።"

"ቦርሳውን አቃጥላለሁ።"



"ባዶውን?" አለች እህቴ።

"ከነሙሉ ዕቃው። ብርድ ልብሱ ይቅደም፣ እሳት ቶሎ ይይዛል።" እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እያነሱ እያስቀመጡ፣ በዓይን የማይታየውን ዕቃ አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር። "ገመዱ። ይሄ ጥሩ ገመድ ነበር። ትርፍ ጫማው።"

"ኧረ ጫማውን እንኳ ያስቀሩ" አለች ባለቤቴ።

"አይሆንም። ጎማ ነው፣ ጎማ አጥብቆ ይነዳል። ማሰሪያዎቹ። ድንኳኑ።" ጥቂት ቆሙ። "ሁለተኛው ገመድ።"

"ሁለተኛ ገመድ ነበረህ?" አልኩ እኔ።

"ላንተ የያዝኩት ነው" አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። "ስንወርድ ትወድቃለህ ብዬ።"

እህቴ እንደ ደንቡ ጠረጴዛውን መጠየቅ ነበረባት። "ያማል?" አለች።

"ያማል" አለች ባለቤቴ።

"በጣም" አልኩ እኔ።

መብራቱ በራ። እህቴ እንዴት እንደበራ ስትተርክ ከወንበሯ ተነስታ ነበር፤ የብርድ ልብሱ ነበልባል መስታወቱን ሲሞላ፣ የጎማው እሳት ማዕበሉን ቀዶ ሲወጣ፣ መርከቦቹ አንድ በአንድ አፍንጫቸውን ሲያዞሩ፣ በመርከቦቹ ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ማማው ሲጮኹ። ክቡር መጋዘን ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ንጉሥ ተቀምጠው ሰሙ። እህቴ ተርካ ስትጨርስ "ጨረስን" አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። ከዚያ ዞራ ሄዳ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ባለቤቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትደበድብ ጎረቤት ግድግዳ መታ።

ሰኞ ለኃላፊው የሰጠችው መልስ "እሺ" የሚል ነው። ደንቧ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨምራለች፤ ማሸግ የፈለገ ያሽግ፣ ያሸገ ይሸከም፣ የተሸከመ ማቃጠል ይችላል። አዳራሹ አሁን ሁለት ጠረጴዛ አለው። አንዱን እህቴ ትመራለች፣ ሌላውን ክቡር መጋዘን። የሳቸው ጠረጴዛ ላይ ጉዞው ሳይጀመር ብዙ ጭቅጭቅ ይሰማል። ልጅ የያዘች እናት ስለ ሻማ ትከራከራለች፤ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ስለ ውኃ። ግን ታሪክ ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ተነስቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ በአፌ ብዬው የማላውቀውን በጽሑፍ መሸከም ደከመኝ። ጓደኛዬ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስቀልድበት እውላለሁ፣ ወደፊትም እቀልዳለሁ። ቅዳሜ ግን ከቁርስ በፊት ከቤት እወጣለሁ፣ እህቴንም አልጠብቃትም። የእሱ ጠረጴዛ ቶሎ ይሞላል።