የክሎኒንግ እገዳና የእትዬ አልጋነሽ እንሰት

ቀን፦ ሐሙስ ታኅሣሥ 15 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቦንጋ ከተማ ዳርቻ፣ ወንዝ ማዶ ቀበሌ ጽ/ቤት፣ ከአዳራሹ የማያፈስበት ግማሽ
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡10 ተጀመረ

የተገኙ
1. አቶ ቢሻው ዓለሙ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሰብሳቢ
2. ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ የሽማግሌዎች ተወካይ
3. እትዬ አልጋነሽ፣ የሴቶች ተወካይ
4. አቶ አብነት፣ የግብርና ባለሙያ
5. ተስፋሁን ሣህሌ፣ ጸሐፊ
በተጨማሪ፦ መምህርት ትሕትና፣ የባዮሎጂ መምህርት፣ ለማብራሪያ የተጠሩ

ከሰባት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ከቀሩት አንዱ ሺሺንዳ ገበያ ሄደዋል፤ ሌላው ግምገማ መስሏቸው ታመዋል።

አጀንዳ 1፦ ከበላይ አካል የመጣ ደብዳቤ

ሰብሳቢው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ቀበሌው በሰው ክሎኒንግ ላይ ተወያይቶ አቋሙን እስከ ነገ እንዲያሳውቅ ያዛል። ክሎኒንግ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሰብሳቢው አቋም ለመያዝ ማወቅ ግዴታ እንዳልሆነ አስታውሰው፣ ለማንኛውም መምህርቷ እንዲያስረዱ ዕድል ሰጡ።

መምህርቷ ክሎኒንግ ሁለት ዓይነት መሆኑን ገለጹ። አጀማመራቸው አንድ ነው፤ ከሴት እንቁላል ውስጥ አስኳሉ ወጥቶ፣ በምትኩ ከሌላ ሰው ገላ የተወሰደ ሕዋስ አስኳል ይገባል፤ እንቁላሉም መከፋፈል ይጀምራል። ይህ ወደ ማሕፀን ገብቶ ከተወለደ፣ አስኳሉን የሰጠውን ሰው የሚመስል ልጅ ይሆናል፤ ለመውለድ የሚደረገው ይህ ነው። ለሕክምና በሚደረገው ግን ማንም አይወለድም። በአምስተኛው ቀን ገደማ ሕዋሶቹ ተወስደው፣ የበሽተኛውን የተጎዳ አካል እንዲተኩ ላቦራቶሪ ውስጥ ይራባሉ። ነገሩ ገና በምርምር ላይ መሆኑንም ጨመሩ።

ሰብሳቢው ቅጂያቸውን ስብሰባ እየላኩ ራሳቸው ቡና መልቀም ይችሉ እንደሆነ በጉጉት ጠየቁ። መምህርቷ ቅጂው ሕፃን ሆኖ እንደሚወለድ፣ ለሊቀመንበርነት እስኪደርስም ሠላሳ ዓመት እንደሚፈጅ መለሱ። ሰብሳቢው በግልጽ አዘኑ።

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ቅጂው በግምገማ ላይ የሚሰደበው በራሱ ጥፋት ነው ወይስ በዋናው ሰውዬ ጥፋት ሲሉ ጠየቁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ተጨቃጨቅን። ቀጥለውም ሁለቱ የክሎኒንግ ዓይነቶች እስከ አምስተኛው ቀን አንድ ከሆኑ በምን ይለያሉ አሉ። ሰብሳቢው እንቁላሉ ወደ ማሕፀን እንዳይገባ ሁለት ታጣቂዎች በፈረቃ ይጠብቁት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መምህርቷ እንቁላሉ በዓይን ለማየት እንኳ እንደሚያስቸግር ሲያስረዱ፣ «እንግዲያው ሦስት ይሁኑ» አሉ። ጸሐፊው እዚህ ላይ በመሳቁ ተግሣጽ ደርሶበታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰብሳቢው በቃላቸው ያስጻፉት የሚከተለው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ «ከአንድ አካል ቆርጦ፣ ያለ ወንድና ሴት ግንኙነት፣ እናቱን ቁርጥ የሚመስል ልጅ ማስገኘት ከዛሬ ጀምሮ በቀበሌያችን ተከልክሏል። የተገኘም እስከ ነገ ይወገዳል።» መምህርቷ «የሰው» የሚል ይግባበት ቢሉም፣ ሰዓት የለም ተብሎ ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ አፈጻጸም

መመሪያ ሲወጣ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አቶ አብነት እጃቸውን አወጡ። አሚቾ የሚባለው የእንሰት ሥር ተሰንጥቆ፣ ልቡ ወጥቶ ሲቀበር የሚበቅሉት ችግኞች ሁሉ እናታቸውን ቁርጥ በመምሰላቸው ውሳኔው እንደሚመለከታቸው አስረዱ። በእትዬ አልጋነሽ ጓሮ መቶ ስልሳ እንዳሉ ከሪፖርታቸው አንብበው፣ እስከ ነገ እንዲነቀሉ ጠየቁ።

እትዬ አልጋነሽ ተነሡ። «ዐምና አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ጓሮዬን ሲጨርስ አንዲት እንሰት ብቻ ተረፈችኝ። እሷን ሰንጥቄ ቀብሬ ነው ያበቀልኳቸው። ከነቀላችሁ ዘሬ አለቀ። አምስት ልጆች አሉኝ፤ ከርሞ ምን ላብላቸው?» አሉ። ጸሐፊው ሳቁ እንደጠፋ ይመዘግባል።

ሰብሳቢው ችግኞቹ ለሕክምና ተብለው ይታለፉ አሉ። አቶ አብነት በሕክምናው ማንም እንደማይወለድ፣ እዚህ ግን መቶ ስልሳ ተወልደው መሬት መርገጣቸውን አስታወሱ። እትዬ አልጋነሽ «የታመመው ጓሮዬ አይደል እንዴ!» ብለው ጮኹ። መምህርቷ ልዩነቱ በመወለድ አለመወለድ እንጂ በጓሮ አለመሆኑን ቢናገሩም የሰማቸው የለም።

በመጨረሻ እትዬ አልጋነሽ፣ «እሺ፣ ይነቀል። ግን ከሊቀመንበሩ ጓሮ ይጀመር» አሉ። አቶ አብነት ገጹን ገልጠው፣ «የሊቀመንበሩ ሁለት መቶ አሥር» ሲሉ አነበቡ። ሰብሳቢው ውሃ ጠየቁ።

የመጨረሻ ውሳኔ

በዚህ ቀበሌ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከአጭር ውይይት በኋላ፦
ሀ. ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤
ለ. የማንም እንሰት እንዳይነካ፤
ሐ. ለበላይ አካል «ቀበሌው እያጠና ነው» ተብሎ እንዲጻፍ፤
በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ከመነሣታችን በፊት ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጠውልጉ እሳቸውም ጓሮ መግባቱን ተናገሩ። በሽታውን ከተቋቋመችው እንሰት ልጆች አሥር ያህል እንዲሰጧቸውም እትዬ አልጋነሽን ለመኑ። እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ማመልከቻ ይጻፉ፤ ታይቶ ይወሰናል» አሉ።

ሰብሳቢው ከጸሐፊው ወረቀት ተውሰው መጻፍ ሲጀምሩ፣ ከቀኑ 6፡40 ላይ ስብሰባው ተበተነ።