አምፖል ተቃጠለ የምንለው መቼ ነው?

አምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ የምታበራው እየነደደች ከሆነ፣ አመዷ የት ይሄዳል? ሰባተኛ ክፍል አስተማሪያችን ሽቦዋ ትቃጠላለች ብለው ካስጻፉን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ይዤው ኖርኩ። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በተገላገልኩ፤ ግን እኔ እጅ ለማውጣት ሦስት ቀን የምዘጋጅ፣ በአራተኛው ቀን ደግሞ የምተወው ዓይነት ልጅ ነበርኩ። እንደኔ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ሽቦዋ አትነድም። ኮረንቲው፣ በጅጅጋ ገበያ ጠባብ መተላለፊያ እንደሚጋፋ ሰው፣ በዚያች ቀጭን ሽቦ ውስጥ እየተጋፋ ሲያልፍ ያግላታል፤ መጀመሪያ ፍም ትመስላለች፣ ከዚያ ነጭ ሆና ታበራለች። መስታወቱ ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ልንደድ ብትልም አትችልም። ያን ቀን ከደስታዬ ንዴቴ በለጠ። ስንት ዓመት ሙሉ በሌለ አመድ ተጨንቄያለሁ።

ዛሬ እዚሁ ጅጅጋ፣ በአማርኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ፈተና ሳርም፣ «የአምፖል ሽቦ ብርሃን የምትሰጠው ስለምትቃጠል ነው» ለሚለው ሁሉም «እውነት» ብሎ መልሷል። ሆዳን የምትባል ልጅ ብቻ «ሐሰት» ብላለች። ፈተናውን ያወጡት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ የሰጡኝ የመልስ ወረቀት ደግሞ «እውነት» ይላል። ሆዳን አርባ ዘጠኝ አመጣች። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ከወደቀች፣ «አዴር» እያለች የምትጠራው አጎቷ ትምህርቷን አስጥሎ ኤረር ከተማ ያለው ሱቁ ሊያስቀምጣት እንደዛተ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

ጠርቼ ለምን እንደዚያ እንደመለሰች ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ አምፖል ተቃጠለ የምንለው ማብራት ሲያቆም አይደል እንዴ?» አለችኝ። «ከተቃጠለማ አዴር ይቀይረዋል።»

እኔ ዲግሪ ይዤ ልብ ያላልኩትን፣ በየቤታችን የምንለው ቃል ለእሷ ነግሯታል።

ወረቀቱን ይዤ መምህራን ክፍል ሄድኩና፣ ሰው እየሰማ፣ ባለችኝ ትንሽ ድምፅ ለጋሽ ደምሴ አስረዳሁ። ሳቁ። ተቃጠለችም ጋለችም ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ያው ነው አሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ያነበብኩትንም እዚያው እንድተወው መከሩኝ። ያው ነው? አንዲት ልጅ ትክክል ስለመለሰች ስትወድቅ ያው ነው? ይህን ያልኩት በልቤ ነው። በልቤ እኔን የሚያክል ተናጋሪ የለም። ልወጣ ስል ግን የመጨረሻዋን ወረወሩ።

«እህቴ፣ ይቃጠላል ብለሽ ማስታወሻ ያስጻፍሻቸው አንቺ አይደለሽ?»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው የሰጡኝን ማስታወሻ፣ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ፣ ከኃላፊ ጋር ላለመነጋገር ብዬ ሰሌዳው ላይ ገልብጬዋለሁ። ስንት ጊዜ የተናደድኩበት ዓይነት አስተማሪ፣ ለካ እኔው ራሴ ሆኛለሁ። ዓይን አፋርነት ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

እናም ወሰንኩ። ለሆዳን አንድ ነጥብ ሞላሁላት፤ ስላሰበች። የሌሎቹንም አልነካሁም፤ ጥፋታቸው እኔን ማመናቸው ነው። ምክንያቱን በግልጽ ጽፌ፣ ስሜን አስፍሬ ፈርሜ፣ ከሮስተሩ ጋር ለርዕሰ መምህሩ አስገባሁ። ነገ ጠዋት ክፍል ገብቼ ደብተራቸውን አስወጣቸውና ያንን መስመር አሰርዛቸዋለሁ። ያስጻፍኳችሁ እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ከኋላ ያሉት ካልሰሙኝ፣ ደግሜ እላለሁ።