በግንባታ ላይ ያለ የሰርግ ጥሪ

በእኛ ከተማ መንገድ የጠየቀ ሰው ያለ መልስ አይመለስም። የማያውቀው ሳይቀር በልበ ሙሉነት ወደ ግራ ይጠቁመዋል፤ «አላውቅም» ማለት እንግዳን እንደ መስደብ ነዋ። ተሳስቶም ቢሆን ያስኬዳችኋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሚጽፉት ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ አትጠብቁ። «ወደ ልደታ በየት ነው?» ብትሏቸው፣ «ልደታ ምን ሊያደርግልህ? ዛሬ እኮ ልደታ የሚሄድ ሰው የለም» ነው መልሳቸው። ሌላው ደርሶ ቦሌ ይሻላል ይላል። ሦስተኛው፣ ቦሌ ድሮ ቀረ ብሎ ይቆጣል። እነሱ ሲከራከሩ እናንተ እዚያው እንደተገተራችሁ ይመሻል። ማጋነን አልወድም፤ ግን ጢም ያወጣ አይቻለሁ።

ይህን ያወቅሁት በእህቴ ልጅ በናሆም ነው። ናሆም ድረ ገጽ ይሠራል። እጮኛው ሊዲያም ድረ ገጽ ትሠራለች። የተዋወቁት ቅዳሜ ቅዳሜ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ በሚሰበሰበው ማኅበራቸው ነው። ማኅበር ያልኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ «ኮሚዩኒቲ» ይሉታል። በእኛ ማኅበር ጠላው አልቆ ወሬው ይተርፋል፤ በእነሱ ደግሞ ወሬው ሳያልቅ ማኪያቶው በረዶ ይሆናል። ፊት ለፊት ተቀምጠው እንኳ በስልክ ግሩፓቸው ላይ ነው የሚሰዳደቡት።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ፣ ልደታ አዳራሽ ተይዞ፣ በሬው ሳይቀር ታይቶ ሳለ የጥሪ ካርድ ነገር ተነሣ። እህቴ እታፈራሁ ማተሚያ ቤት ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሣ ልጆቹ ሳቁባት። ድረ ገጽ እየሠሩ ካርድ ማሳተም፣ ዳቦ ቤት ከፍቶ ዳቦ ከጎረቤት እንደ መበደር ነው አሉ። ጥሪው ድረ ገጽ ይሆናል፤ ተጠሪው በስልኩ ይከፍትና «እገኛለሁ» ወይም «አልገኝም» የሚለውን ይነካል፤ አለቀ። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው ብለው አረጋጓት።

ዐቢይ ጾም ገባ። ጾሙ ተጋመሰ። ጥሪ የለም።

ያልተጠራ ዘመድ እንዴት እንደሚያኮርፍ ታውቃላችሁ። የእኛ ዘመድ ደግሞ ኩርፊያን ለልጅ ልጅ ያወርሳል። እታፈራሁ እንቅልፍ አጥታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንተው ድረስልኝ። ልጅቷ ቀለበቷን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ሄዳለች» አለች።

ሁለቱንም ካፌው ድረስ ጠርቼ ሽምግልና ተቀመጥኩ። ጠቡ ምን መሰላችሁ? ፍሬምወርክ የሚሉት ነገር አለ፤ ሌሎች አስቀድመው ያቆሙት፣ እናንተ ግድግዳና ቀለም ብቻ የምትጨምሩበት የድረ ገጽ አጽም ነው። ሊዲያ በእሱ ይሠራ ትላለች። ናሆም ደግሞ ሁሉን ከመሠረቱ በራሴ እጅ እጽፋለሁ ይላል።

«ጋሼ፣ ለአንዲት ገጽ ፍሬምወርክ መጫን ማለት ከጌጃ ሰፈር ሜክሲኮ ለመምጣት ገልባጭ መኪና መከራየት ነው» አለ ናሆም።

«እሱ እኮ ብሎኬት ተሠርቶ እየተሸጠ ሲሚንቶ አቡክቼ በእጄ ልጠፍጥፍ የሚል ሰው ነው፤ እርስዎ ይፍረዱ» አለች ሊዲያ።

ነገሩ በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ሁለቱም ግን ጉዳያቸውን ከነሰርጉ ቀን፣ ከነአዳራሹ ስም ዘርዝረው፣ «ፍረዱን» ብለው ለግሩፑ አቅርበዋል። ግሩፑም ለሁለት ተሰንጥቋል። ሚዜዎቹ ሰላምታ አቁመዋል። ከሐዋሳና ከባሕር ዳር ድረስ የማያውቋቸው ሰዎች ገብተው ይራገማሉ።

እኔም ሽማግሌ ነኝና ጠየቅሁ፤ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ይህ ገጽ የሚለው ምንድን ነው?»

«ሰርጉ መቼና የት እንደሆነ ነዋ» አለ ናሆም።

«እሱስ ተጽፏል?»

ተያዩ። «እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው» አለች ሊዲያ። ናሆምም ራሱን ነቀነቀ። ከወር ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

በሙግት ያደገ ሰው ፍርድ አያጣም። በሚመጣው ቅዳሜ፣ ኮሚዩኒቲው በተሰበሰበበት፣ ናሆም ለፍሬምወርኩ፣ ሊዲያ ለእጅ ሥራው ጥብቅና ይቁሙ ብዬ ፈረድኩ። የሌላውን ሸክም የቀመሰ ይራራል ብዬ ነው። ቅዳሜ ደረሰና ተነሡ። ምን ዓይነት ሙግት! ናሆም ሲናገር አስተናጋጇ ትሪዋን ይዛ አለቀሰች። ሊዲያ ስትመልስ በሜክሲኮ የሚያልፈው ባቡር ራሱ ፌርማታው ላይ ቆሞ የሰማት መሰለኝ።

ማታ እታፈራሁ ደወለች። «ታረቁ?»

«አልታረቁም፤ ተለዋወጡ» አልኳት።

እውነቴን ነው። እያንዳንዳቸው በገዛ አንደበታቸው ተረቱ። ናሆም የእጅ ሥራውን ደምስሶ በፍሬምወርክ ጀመረ፤ ሊዲያም ፍሬምወርኳን ጥላ ከመሠረቱ መጻፍ ያዘች። ቀለበቷን ግን አጥልቃለች። «ጋሼ፣ ሐሳቤን ከእኔ አሳምሮ የተናገረልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። ጋብቻው ተረፈ፤ ጥሪው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

የሰርጉ ዕለት እህቴ ባዶ አዳራሽ ልትቀበል፣ ፊቷ አመድ መስሎ በር ላይ ቆመች። በሬ ታርዷል፤ የተጠራ ሰው የለም። ከዚያ ሰዉ መጉረፍ ጀመረ። ከግሩፑ ሁለቱም ወገን የፍርዱን መጨረሻ ሊያይ መጣ። የግሩፑ ሰው ለሚስቱ፣ ሚስት ለእናቷ፣ እናት ለሰፈራችን ለጌጃ ሰፈር ነግራ ኖሮ፣ «ልጆቹ በኮምፒዩተር ተጣልተው ሰርጉ ሊፈርስ ነው» የተባለ ዘመድ በሙሉ፣ ከእኛ ጋር ተቆራርጦ የነበረው ጭምር፣ ነጠላውን አስተካክሎ ከተፍ አለ። ለሚሰምር ሰርግ ሰው ካርድ ይጠብቃል፤ ለሚፈርስ ሰርግ ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። ከበሬው የተረፈው ቀንዱ ብቻ ነበር፤ እሱንም አንድ ፕሮግራመር በጥርጣሬ ሲያገላብጠው አይቻለሁ።

መልሱ አለፈ፤ ቅልቅሉም አለፈ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ ስልኬ ጮኸ። ብከፍተው ድረ ገጹ ነው። አበባ ይረግፋል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሙሽሮቹ ፈገግ ብለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ከታች «በሰርጋችን ላይ ይገኛሉ?» ይላል። «በልቼ፣ ጠጥቼ፣ መርቄ ተመልሻለሁ» የሚል ምርጫ ፈለግሁ፤ የለም። ዘመድ ጠርቶኝ አልገኝም ማለት ደግሞ ነውር ነው። «እገኛለሁ» የሚለውን ነካሁ።

ወዲያው መልስ መጣልኝ፤ «እናመሰግናለን። እባክዎ ሰዓት ያክብሩ።»