የእትዬ አበዛሽ ዮጋ

በየሰፈሩ ሳይጠሯት የምትመጣ አንዲት ሐኪም አትጠፋም። ትምህርቱን አልተማረችም፤ መድኃኒት ግን ለሁሉም አላት። ለጂንካው አናጺ ለኤርሳዶ የደረሱት ክብርት ወይዘሮ አበዛሽ ነበሩ፤ የመላው ጎረቤት የወገብ፣ የሆድና የትዳር ጉዳይ ኃላፊ። ለራስ ምታት ፌጦ፣ ለሳል ፌጦ፣ ለሰነፍ ባል ፌጦ ያዝዛሉ። ያዘዙት ካልሠራ ጥፋቱ የበሽተኛው ነው።

ኤርሳዶ ከአልዱባ ገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገለበጠና ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዋንዛ ጠርቦ ለራሱ የሠራውን እግር አንዴ ሞክሮ ስለወደቀ አልጋው ሥር ወርውሮታል። ከሁሉ የባሰው ግን የሌለው እግሩ ጣቶች ይቃጠሉበት ነበር። አብዷል እንዳይባል ፈርቶ ለሚስቱ ለየሺመቤት እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ወይዘሮ አበዛሽ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ሳያንኳኩ ገቡ።

«ተነሥ! ዮጋ እንጀምራለን።»

«እትዬ፣ ዮጋ ደግሞ ምንድን ነው? ይጠጣል?»

ለካ ድሮ በአንድ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ቤት ሲያበስሉ፣ የመምህሩ ሚስት በየማለዳው የምትሠራውን አይተው ቀስመው ኖሯል። የእንቅስቃሴዎቹ ስም ስለጠፋቸው የራሳቸውን አወጡ፦ ድመት፣ ዛፍ፣ የደከመች ላም።

ወሬው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አቶ ነጋሽ ዘንድ ደረሰ። «የባዕድ አምልኮ እንዳይሆን!» እያሉ መጡ።

«ጸሎት ለጌታ ነው፤ ይሄ ለወገብ ነው» አሉ አበዛሽ። «እርስዎንስ ወገብዎን ያምዎት የለ? ይጋደሙ!»

አቶ ነጋሽ ተጋደሙ። ተማሪው ሁለት ሆነ።

አንድ ማለዳ አበዛሽ ኤርሳዶን በጀርባው አስተኝተው «አሁን የግራ እግርህን ጣቶች አላላቸው» አሉት።

«የሉም እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ያቃጥሉህ የለም እንዴ?»

ኤርሳዶ ደነገጠ። «ማን ነገረዎት?»

«ፊትህ። ካመሙህ አሉ ማለት ነው፤ ካሉ ደግሞ አላላቸው። ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። እንደ ጡጫ የተጨበጡት ጣቶች ሲፈቱ ተሰማው። ቃጠሎው ጨርሶ ባይጠፋም በረደለት። ሰው ስላመነው ብቻ እንባው መጣ። አበዛሽ ግን «ስታለቅስ ትንፋሽህ ይዛነፋል!» ብለው ተቆጡት።

ከዚያ በኋላ ድመቱንም ላሟንም ሳያጉረመርም ሠራ። ወገቡ ጠና። በጤናማው እግሩ ግድግዳ ሳይደገፍ እንደ ዛፍ መቆም ቻለ። ያኔ የዋንዛውን እግር ራሱ ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው።

በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየው፣ በከተማው መሐል ያለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ያለ ክራንች አቋርጦ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄደ። መሐል ላይ ተንገዳገደ፤ ገበያተኛው ትንፋሹን ዋጠ፤ እሱ ግን ቀጥ አለ። በሩን ከፍቶ መላጊያውን አነሣና ቆሞ ሳንቃ ይልግ ጀመር። የሺመቤት እልልታውን አቀለጠችው። አበዛሽ በበኩላቸው ለአላፊ አግዳሚው «እግሩን ያበቀልኩለት እኔ ነኝ!» ይሉ ነበር። ኤርሳዶም አላስተባበለም።

በክረምቱ አበዛሽ ልጃቸውን ለመጠየቅ አርባ ምንጭ ወረዱ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ሳይፈቀድለት በር የሚከፍት፣ ባልና ሚስትን የሚቆጣ፣ ፌጦ በግድ የሚያጠጣ ጠፋ። ኤርሳዶ ይህን ሰላም ስንት ጊዜ ተመኝቶት ነበር! ሳምንት ሳይሞላ ግን ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሹፌር ፈልጎ መልእክት ላከባቸው፦

«እትዬ፣ ቶሎ ይምጡ። ሁላችንም ደኅና ነን፤ አልቻልነውም።»