ሲፈን እና የታክሲያችን ለቅሶ

እኛ አገር ሰው እውነቱን የሚናገረው ሲጣላ ብቻ ነው፣ አይደል? በሰላሙ ቀንማ እንዴት ነህ ሲሉት፣ ጥርሱን ቀስፎ ይዞትም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። በዚህ ተስማምተን እንኖራለን። ልጄ ሲፈን ግን በስምምነቱ የለችበትም።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሐኪሙ አውቲዝም ብሎናል። ጎረቤቶቼ ግን ከሐኪሙ ቀድመው «አቀማጥለሽ አበላሸሻት» ብለው ጨርሰዋል። ምን ይበሉ ታዲያ? እትዬ ዘነበች አዲስ ቀሚስ ለብሰው መጥተው እንዴት ነው ቢሏት፣ ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና ጠቦዎታል አለች። የፋብሪካ ሠራተኞች ደጃችን ላይ ምሳቸውን ሲበሉ «እንብላ» ካሏትም እጇን ታጥባ ቁጭ ነው። ብሉ፣ ይባርክ ብለሽ እለፊ እንጂ ብላት፣ ካልፈለጉ ለምን ጠሩኝ አለችኝ። እስቲ እናንተ መልሱላት።

እንግዲህ ይቺን ልጅ ይዤ ነው ከሰበታ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቷ የምመላለሰው። ያን ሰሞን ደግሞ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ጉዳይ አገሩ ታምሷል፤ ወጣቱ ተነስቷል፣ መንገድ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ከፊታችን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል ተባለ። ሹፌሩ ታክሲውን ዳር አስያዘ። ሲፈን ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ መወዛወዝ ጀመረች። እንዲህ ከጀመረች ቤቷ ካልገባች አትረጋጋም።

ያኔ ከኋላ ወንበር ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ መላ አመጡ። ልጆቹ ለቀስተኛ አይከለክሉም፣ ለቅሶ እየሄድን ነው እንበል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ዘንድ ለቅሶ የማያስከፍተው መንገድ የለም። ሴቶቹ ወዲያው ነጠላችንን ዘቅዝቀን ለበስን። አንዷማ ከአሁኑ እንባዋን አወረደችው። ሲፈን ጆሮዋን ለቀቀችና ማን ሞቶ ነው አለች። ዝም በይ አልኳት። ማን ነው የሞተው አለች ደግማ። «በእናትሽ ዝም በይ!» አልኳት። እናቷ እኮ እኔው ነኝ፤ በራሴ መለመኔ ነው።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ወጣቶቹ ከበቡን። አንድ ረጅም ልጅ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ «ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ናችሁ?» አለ።

ለቅሶ! አልን በአንድ አፍ።

«የማን?»

እሱን አልተማከርንበትም። ኦቦ ደበላ የአክስቴ ልጅ አሉ። ሹፌሩ አማቴ አለ። እኔ ጎረቤቴ አልኩ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ሰው ገደልን።

«ማንም አልሞተም» አለች ሲፈን። «ለቅሶ እንበል ያሉት እኚህ ናቸው።» በጣቷ ደግሞ ታሳያለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለን ነበር። ቀስ ብሎ «ማንም አልሞተም?» አለ። ከመንገዱ ማዶ የተተከለ ድንኳን አሳየን። በግርግሩ የሞተ ጓደኛው ለቅሶ ነው፤ ገና መቅበራቸው ነው። እኛ ሞት ስንፈጥር ሞቱ እዚያው አጠገባችን ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

ሲፈን ግን ተነስታ የታክሲውን በር ከፈተች። «እንሂዳ! ለቅሶ ነው የምንሄደው ብላችኋል» አለች። አንዴ እዚህ ቦታ እንሄዳለን ከተባለች ሰማይ ቢደፋ አትቀይርም። ወረደች። እኔ ተከተልኳት፤ ሹፌሩም፣ ኦቦ ደበላም፣ ወጣቶቹም ተከተሉን።

ድንኳኑ ውስጥ ለሟቹ እናት እግዜር ያጽናሽ እያልን ተራ በተራ ተቀመጥን። ሲፈን ሴትየዋ አጠገብ ሄደችና ልጅሽ ምን ይወድ ነበር አለቻት። ለቀስተኛው ደነገጠ። እኔ ቀሚሷን ከኋላ ጎተትኩ። ሴትየዋ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። ርግብ፣ አለች። ጣራው ሥር ርግብ ያረባ ነበር፤ እህሏን ከጓዳ እየሰረቀ ያበላቸው ነበር። ሲፈን አሁን ማን ያበላቸዋል አለች። ነጭ አላቸው ወይ አለች። ሴትየዋ እየመለሰችላት ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ፈገግ ትላለች።

ልንነሳ ስንል ያ ረጅሙ ልጅ ድንጋዩን ሊያነሳልን ወጣ። የሟቹ እናት ሲፈንን ይዛ አልለቀቀቻትም። ሰው ሁሉ በርቺ፣ ጽኚ ይለኛል፤ ስለ ልጄ የጠየቀኝ ግን የለም አለች። ከዚያ ግንባሯን ሳመቻትና «ያሳደገሽ ይባረክ» አለቻት።

አበላሸሻት ስባል ለኖርኩት ለእኔ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንደ ወጉ አንገቴን ደፍቼ ኧረ እኔ ምን አደረግሁ ልል ስል፣ ሲፈን ቀደመችኝ።

«ያሳደገችኝ እሷ ናት» አለች። «ጥሩ ናት። ግን ትዋሻለች።»