የጣሪያችን ባለሥልጣን ጋሽ ገደብ

ማንም ያልሾመው አንድ ባለሥልጣን የሌለበት ሕንፃ በዓለም ላይ የለም። አንዱ ቆሻሻ በሰዓቱ መውጣቱን ይከታተላል፤ ሌላው የመኪና አቋቋማችሁን ያርማል። ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ጋሽ ገደብ ናቸው። ክቡርነታቸው የሚቆጣጠሩት በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ገመድ ስላልደረሰን ጣሪያ ላይ የሰቀልናቸው የኢንተርኔት ራዲዮዎች በምን ያህል ኃይል እንደሚያሰራጩ።

ሠላሳ ዓመት የራዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። መሥሪያ ቤቱ ሸኝቷቸዋል፤ እሳቸው ግን መሥሪያ ቤቱን አልሸኙትም። መለኪያቸው ከአንገታቸው፣ ደብተራቸው ከኪሳቸው አይለይም። የእኛን ዓይነት ራዲዮ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ገዝቶ መስቀል ይችላል። ይህን ደፍሮ የነገራቸው ሰው ግን ቀኑን ጨረሰ ማለት ነው። «ፈቃድ አይጠይቅም ማለት ገደብ የለውም ማለት አይደለም» ይሉና ወንበር ይስባሉ። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። አንዴ ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው፣ አፋቸው እንደደነዘዘ የክሊኒኩን ራዲዮ አስቀንሰው ተመልሰዋል። ጥርሱን ረስተውት ነበር።

እኔ እጃቸው የገባሁት በእህቴ ምክንያት ነው። እህቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለው ቤቷ ሆና በኢንተርኔት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ኢንተርኔቱ የሚደርሳት ከእኔ ጣሪያ በራዲዮ ነው። መስመሩ እየተቆረጠ ተማሪዎቿ ሲያማርሩ፣ አለቃዋ «አንድ ሳምንት እጠብቅሻለሁ» አላት። እኔም ወንድምነቴ ተነሳብኝና በዚያው ቀን ትልቅ ዲሽ ገዝቼ ሰቀልኩ፤ ራዲዮውንም እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ባሰበት።

በማግስቱ ጋሽ ገደብ በታመመ ጉልበታቸው አምስት ፎቅ ወጥተው በሬን አንኳኩ።

«ራዲዮህ ስንት ላይ ነው?»

«ሃያ ሰባት ዴሲቤል፣ ጋሼ።»

«ዲሹስ ስንት ይጨምራል?»

«ሃያ ሦስት።»

«ደምረው።»

«ሃምሳ።»

«ገደቡ ሠላሳ ስድስት ነው። ዲሹን ስታተልቅ ራዲዮውን ትቀንሳለህ። አሥራ ሦስት አድርገው።»

«ጋሼ፣ እህቴ ሥራዋን ልታጣ ነው እኮ።»

«እሱን ሰምቼ ነው የመጣሁት» አሉና ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ። «አንተ ስትጨምር ፊት ለፊትህ ያለው ጨመረ፤ እሱ ሲጨምር ደግሞ ቀጣዩ። አሁን ሁሉም ይጮሃል፣ የሚሰማማ ግን የለም።»

ቀነስኩ። ምን ላድርግ፣ ካልቀነስኩ አይነሱም። ከዚያ በኋላ በአራት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ቤት ገብተው አሥራ አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ማንንም አልከሰሱም፣ ማንንም አልተቆጡም፤ መቀመጥ ብቻ። በአምስተኛው ቀን እህቴ ደወለች።

«ዛሬ አንዴም አልተቆረጠብኝም። ምን አደረግከው?»

«ቀነስኩት» ስላት የማሾፍባት መሰላት። ሥራዋ ተረፈ።

ከሳምንት በኋላ ደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ በጋሽ ገደብ የእጅ ጽሑፍ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «አንድ የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ ከገደቡ በሁለት ዴሲቤል አልፎ ተገኝቷል። ኬብል ሲያጥር በመንገድ የሚባክነው ኃይል እንደሚቀንስ ዘንግቶ፣ ኬብሉን ሲያሳጥር ስሌቱን ማስተካከል ረስቷል። ራዲዮውን ቀንሷል፤ ጎረቤቶቹንም ይቅርታ ይጠይቃል።» በሁለተኛ ፎቅ ራዲዮ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሕንፃው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ስጠይቃቸው ግን በዚያ ራዲዮ ከድሮ የሥራ ባልደረባቸው ጋር በምስል እየተያዩ ቼዝ እንደሚጫወቱ ነገሩኝ። ሰውየው ከእህቴ ሰፈር ወዲያ ባለው ኮረብታ ላይ የአልጋ ቁራኛ ሆኗል። ከቀነሱ ወዲህ ድምፁ ብቻ ነው የሚደርሳቸው፤ ምስሉ ጠፍቷል። ሁለት ዴሲቤል ቢመልሱ ማን ያውቅባቸዋል? መለኪያ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። አልመለሱም። እኚህን ሰውዬ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የእኔ ዲሽ የሚያየው ወደዚያው ኮረብታ ነው፤ የእኔ ጩኸት የእነሱን መስመር ሳይረብሽ አይቀርም። ለማንም ሳልናገር ራዲዮዬን ከአሥራ ሦስት ወደ አሥር አወረድኩት። የእህቴን መስመር ሞከርኩ፤ ምንም አልሆነም።

በሁለተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ።

«አሥር ላይ ነህ» አሉ ደብተራቸውን ገልጠው። «ሦስት ይቀርሃል። መብትህ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለእህቴ ይበቃታል።»

ደብተሩን ትንሽ አዩት፤ አንድ ነገር ጻፉበት፤ ዘጉት። እንደ ልማዳቸው ሶፋው ላይ አልተቀመጡም። ሁለት ደረጃ ወርደው ዞር አሉ።

«ትናንት ፊቱን አየሁት» አሉኝ። «ጢሙን ሳይላጭ ነው የከረመው፣ ያ ሰነፍ።»