ጋሽ ተክለጻድቅና የመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር

በየከተማው አንድ ሥራ ብቻውን የያዘ ሰው አለ፤ እሱም አይቸኩልም። ጥድፊያ ጎረቤቱ ተመሳሳይ ሱቅ የከፈተበት ሰው በሽታ ነው።

ሞላሌ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ሊቀ ሊቃውንት ዘኮምፒውተር ጋሽ ተክለጻድቅ ነበሩ። የሰፈሩ ልጅ እታገኝ ተማሪ ሳለች ጽሑፍ ለማስተየብ እሳቸው ደጅ ተሰልፋ አድጋለች ማለት ይቻላል። ኮምፒውተራቸው ተነሥታ እስክትከፈት ባለጉዳይ ገበያ ወርዶ በጉን ሸጦ ይመለሳል። ብርድ እንዳይመታት ብለው በበግ ጠጉር ባና ጠቅልለዋታል፤ እሷም በገዛ ሙቀቷ ታፍና ታቃስታለች።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሯ ትንሽ ፈጠን አትልም?»

«ልጄ፣ ፕሮሰሰር የኮምፒውተር አንጎል ነው። አንጎል ደግሞ አይጣደፍም!»

ትንታኔ ግን አያልቅባቸውም። «ፕሮሰሰር ሠሪ ፈረንጅ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? የዓምናውን ነካክቶ ‹አዲስ ወጣ!› ይላል። ተፎካካሪ ሲመጣበት ነው እንቅልፍ አጥቶ ፈጣኑን የሚያወጣው። ሰነፍ ሁላ!» ይላሉ፣ የደንበኛው እግር ቆሞ እየደነዘዘ።

እታገኝ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰችና ፊት ለፊታቸው ሱቅ ከፈተች። አዲሱ ላፕቶፗ የደንበኛውን ማመልከቻ ሰውየው ሳይቀመጥ ጨርሶ ያወጣል።

«ፈጣን ነገር ፊደል ይገድፋል!» ብለው ከማዶ ጮኹ።

ግን ባናው ወረደ። አዲስ ኮምፒውተር በአውቶቡስ መጣላቸው። እሷ ባለቀለም ፕሪንተር ስታስገባ እሳቸውም አስገቡ። ይባስ ብለው ለደንበኛ ወንበር አወጡ፤ «እንደምን አደራችሁ?» ማለትም ጀመሩ። ሞላሌ ጉድ አለ።

ጉዱ ግን ለእታገኝ አልተመቸም። ሽማግሌው እንዲህ ከፈጠኑ ማን መንገድ ይሻገራል? ሱቋ ጭር አለ። አንድ ቀን ፕሪንተሯን በገመድ ስታስር ጋሽ ተክለጻድቅ በር ላይ ቆሙ።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ደብረ ብርሃን ልቀጠር ነው ጋሼ። እንግዲህ ደስ ይበልዎ፣ ብቻዎን ይንገሡ።»

ደስ አላላቸውም። ማሸነፋቸውን የሰሙ ሳይሆን መርዶ የተነገራቸው መሰሉ። ፊታቸውን አዙረው ወደ ማዶ ተሻገሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ልትዘጋ ስትመጣ ሰው ደጇን ሞልቶታል።

«ጋሽ ተክለጻድቅ ‹መብራት ጠፍቶብኛል፣ እሷ ዘንድ ሂዱ› አሉን።»

ቀና ብላ አየች። አምፖላቸው ቦግ ብሎ በርቷል፤ እሳቸውም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ካርታ ይጫወታሉ።

«ጋሼ! መብራትዎ እኮ አለ!»

«ምን አገባሽ! አንቺ ዕቃሽን ፍቺና ሥሪ! ደግሞ እንዳትዝናኚ፣ ነገ እበልጥሻለሁ!»

እታገኝ ገመዱን መፍታት ጀመረች።